ለጋሼ ጎራዴ የሰጠነው ጊዜ

ጥፋቱ የእኔ ነው። መምህሩ «የሁላችንም ነው» ይላል፣ መካኒኩ እንደ ልማዱ መሬት መሬት ያያል፤ ሐሳቡን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። አፌ አያርፍም። ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳወራ የምውለውን ሰው እሑድ ቁጭ ስል ዝም እንድል የሚጠብቀኝ ካለ፣ እሱ ራሱ ሞኝ ነው።

የማወራችሁ ስለ ጋሼ ነው። ስም አለው፣ እኔ ግን ካወቅሁት ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከመቅጠኑ የተነሣ ከሩቅ ሲመጣ ኮቱ ብቻውን የሚራመድ ይመስላል። የሚሠራው መነጽር ቤት ነው። መነጽር ቤት ስላችሁ ታዲያ ፊት ለፊት ቆሞ «ይሄኛው ፍሬም ያምርብሻል» የሚለው ሰውዬ እንዳይመስላችሁ። እሱ ያለው ከኋላ ነው፣ መስኮቷ ጣሪያ ሥር በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ። መስታወቱን ውኃ በሚወርድበት በሚሽከረከር ድንጋይ እየሞረደ ከፍሬሙ ጋር ያስማማል። ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ወረቀት ይገባለታል፦ ቀኝ ዓይን ይህን ያህል፣ ግራ ዓይን ይህን ያህል። ይሞርዳል፣ ያደርቃል፣ በዚያችው ቀዳዳ መልሶ ያቀብላል። የዓይኖቹን ባለቤቶች አያውቃቸውም፣ እነሱም አያውቁትም።

እኔ ያወቅሁት በእናቱ ምክንያት ነው። አንድ ማክሰኞ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ሳሎኔ በር ላይ ቆመ። ሴቶቹ ሁሉ ከማድረቂያው ካስክ ሥር አንገታቸውን እያወጡ አዩት። «እናቴ ከአልጋ አትነሣም። ፀጉሯን የሚያጥብልኝ ሰው ፈልጌ ነበር። እኔ ሳጥባት ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ይገባል» አለ። አንጀቴን በላው። «ሐሙስ እመጣለሁ» አልኩት። ከዚያ እናቱ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ያህል፣ በየሁለት ሳምንቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለክሁ እየወጣሁ አጥቤያቸዋለሁ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ በመሃል መጋረጃ። እናቱ በየሁለት ደቂቃው ይጠሩታል። «ውኃ አምጣ!» «መስኮቱን ዝጋ!» «ኧረ የት ሄድክ?» እሱ ደግሞ ሳይሰለች፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ «አቤት፣ እዚህ ነኝ» ይላል። እኔ ብሆን ጨርቄን ጥዬ ነበር።

እናቱ ሞቱ። ከወር በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ዳቦ ይዟል፣ አንድ ብቻ።

«እንዴት ነህ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ።»

«እሑድ እሑድ ምን ታደርጋለህ?»

አሰበ፣ አሰበ፣ «እውላለሁ» አለኝ።

እንግዲህ የእኛን እሑድ ላስረዳችሁ። እሑድ ሳሎኑ ዝግ ነው። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጥፍር የምንሠራባትን ጠረጴዛ መሃል ላይ አውጥተን ጨዋታ እንጫወታለን፤ እኔ፣ ሴት ልጄን ጂኦግራፊ ያስተማራት መምህር፣ እና ጎረቤቴ ያለው ጋራዥ መካኒክ። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። መምህሩ አጫዋቹ ነው፤ ዓለሙን የፈጠረው እሱ ነው፣ ተራራውንም ወንዙንም በከለር እርሳስ ሥሎታል። እኛ በዚያ ዓለም የምንዞር ተዋጊዎች ነን። «ዋሻው ውስጥ ገባችሁ። ከጨለማው ሦስት ጭራቆች ወጡ። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እያንዳንዱ በተራው የሚያደርገውን ይናገርና ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ይጥላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ተሳካለት፣ ዝቅ ካለ ወየውለት።

እኔ ሁለት መጥረቢያ የያዘች ሴት ነኝ። በር አላንኳኳም፣ እሰብራለሁ። መካኒኩ ቀስተኛ ነው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ከሩቅ ይወረውራል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ከሞተር በቀር ማንንም አያናግርም። እኔን «እትዬ» ነው የሚለኝ። አላረጀሁም ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ!

የጎደለን ፈዋሽ ነበር። ፈዋሽ ማለት የማይዋጋው ነው። ከረጢት ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል፣ ሌላው ሲቆስል ያክማል፣ ሌላው ሲደክም ያበረታል። ያለ እሱ ሁለተኛው ዋሻ ላይ አልቀን እናድራለን፤ ሆኖም ማንም መሆን አይፈልግም። እኔማ ምን ቆርጦኝ! ስድስት ቀን የሰው ራስ ሳሽ ከርሜ በሰባተኛው የሰው ቁስል ልጠርግ? መካኒኩም ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ ጋሼን አመጣሁትና ያንን አሸከምነው። «ይሄ ቀላሉ ነው ጋሼ፣ ለጀማሪ የሚሆን ነው» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቀላል አልነበረም። እኛ ጋ የሰው ሕይወት የሚለካው በቢጎዲን ነው፣ ፀጉር በምጠቀልልበት በዚያው ቢጎዲን። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥር አሥር ፊቱ ይደረደርለታል። ጭራቅ ሲመታህ መምህሩ ያነሣብሃል። ፈዋሹ ሲያክምህ ከቆርቆሮው ሣጥን እያወጣ ይመልስልሃል። አንድም ካልቀረህ ሞትክ፤ ወረቀትህ ይቀደዳል፣ ያ ሰው ከዚያ ወዲያ የለም። መምህሩ በዚህ ጉዳይ አባቱንም አይምርም።

ጋሼ ጭራቁን አያይም ነበር። ዘንዶ ይምጣ፣ እሳት ይዝነብ፣ እሱ የሚያየው እኛን ነው። ተራዬ ሲደርስ ፊቴን አይቶ ያውቅብኛል። «አንቺ ልጅ፣ ሁለት ነው የቀረሽ፣ አትዝለዪ» ይለኛል። እዘላለሁ። የእጄን አገኛለሁ። «ጋሼ ድረስልኝ!» ብዬ እጮኻለሁ። ይደርሳል። ቢጎዲኑን ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥልህም፤ እጅህን እስክትዘረጋ ይጠብቅና መዳፍህ ላይ አድርጎ ጣቶችህን አጥፎልህ «ይኸው» ይልሃል። የእሱ ጣቶች ውኃ ውስጥ የኖሩ፣ የተጨማደዱ ናቸው። ስድስት ዓመት እንደዚህ ተጫወትን። «ጋሼ እኔን!» «ጋሼ ከኋላዬ መጡ!» «ጋሼ ኧረ ቶሎ በል!» በአንድ እሑድ አርባ ጊዜ ሳንጠራው አንቀርም።

መምህሩ እያንዳንዳችን የገደልነውን ጭራቅ ግድግዳዬ ላይ ባለው አሮጌ ካላንደር ጀርባ ይጽፋል። የእኔ ዝርዝር ሞልቶ ወደ ጎን ተርፏል። የመካኒኩም አያሳፍርም። ከጋሼ ስም ሥር ምንም የለም። አንዲት አይጥ እንኳን! ፀጉር ስሠራ ፊት ለፊቴ ነው ያለው፤ ባየሁት ቁጥር ውስጤ ያርራል። ይሄ ሰው ዕድሜ ልኩን የሰው አገልጋይ ሆኖ ሊሞት ነው እንዴ? እናቱን፣ መነጽር ቤቱን፣ አሁን ደግሞ እኛን!

ይሄኔ ነው መምህሩ አዲስ ሕግ ከኢንተርኔት ያገኘው። በአዲሱ ሕግ ፈዋሽ የሚባል አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ተዋጊ ወገቡ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ ታጥቆ ይዞራል፣ ሲቆስል ራሱ ይጠጣል። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። «በቃ! ጋሼን ነፃ እናወጣዋለን!» አልኩ። ልደቱም ደርሶ ነበር። በአዲስ ወረቀት ላይ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነ ጎራዴኛ ጻፍኩለት። መካኒኩ ከብሎንና ከዳዶ አንድ ትንሽ ሰው በየደ፤ ከመጋዝ ስባሪ የተሠራ ጎራዴ አስያዘው። እጁ የተባረከ ነው መቼም።

ያን እሑድ ኬክ ሳይቀር ገዝቻለሁ። ወረቀቱንና የብረቱን ሰውዬ በሁለት እጁ አስጨበጥነው። «ከዛሬ ጀምሮ የማንም ተላላኪ አይደለህም ጋሼ! ትመታለህ! ትገድላለህ!» አልኩ። አየው፣ አየን፣ ፈገግ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ደከማችሁ» አለ። የድሮውን የፈዋሽ ወረቀቱን ለአራት አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኔ ጭብጨባው ላይ ነበርኩ፣ ልብ አላልኩም።

ዳይሱም እንደ ጉድ ወጣለት። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ! በመጀመሪያው ቀን አራት ጭራቅ ገደለ። ካላንደሩ ላይ ስንጽፍለት ሳሎኑ በጩኸት ተናጋ። መሃል ላይ እኔ ተመታሁና መምህሩ ሦስት ቢጎዲን አነሣብኝ። ጋሼ እንደ ልማዱ እጁን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ።

«ተው ጋሼ፣ አሁን እኮ ብልቃጥ አለኝ» አልኩና ሦስቱን ራሴ አንሥቼ ፊቴ ደረደርኩ። ጋሼ እጁን ከሣጥኑ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። መካኒኩም ሲቆስል የራሱን ራሱ አነሣ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን እሑዶች ሳስታውስ ዝም ማለታችን ነው ትዝ የሚለኝ። «እመታለሁ» ዳይስ። «እጠጣለሁ» ቢጎዲን። «እመታለሁ» ዳይስ። እኔ እንኳን፣ እኔ፣ የምናገረው አጣሁ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ መምህሩ ታሪክ መፍጠር ያቃተው መስሎኝ በሆዴ አማሁት። ሁላችንም የራሳችንን ብልቃጥ ይዘን የየራሳችንን ጭራቅ እንገድላለን፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንደቆሙ ሰዎች ማለት ነው። ጋሼ ተራው ሲደርስ ይመታል፣ ይገድላል፣ ይቀመጣል። አራት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳይጠራው ይውላል። ቀስ እያለ ማርፈድ ጀመረ። ቀጥሎ አሥር ሰዓት ላይ «ልሂድ» ማለት አመጣ። ከዚያ «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ደወለ። ከዚያ ሦስት እሑድ ጭራሽ ቀረ።

አላስችል አለኝ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ «መነጽሬ ጠቦኝ ነው» ብዬ መነጽር ቤቱ ገባሁ። መነጽር የለኝም። ፊት ያለችው ልጅ ጋሼን እንደምፈልግ ስነግራት ገረማት። «እሱን? እዚያ ኋላ እኮ ማንም አይገባም። ከእናንተ ጋር ያወራል እንዴ?» አለችኝ። እንዴት አያወራም ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

በሩን ከፈትኩ። ድንጋዩ ይሽከረከራል፣ ነጭ ውኃ ይንጠባጠባል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ ብሏል። ብጠራው አልሰማም። ደግሜ ብጠራው አልሰማም። በሦስተኛው «ጋሼ!» ብዬ ስጮኽ ማሽኑን አጠፋና ሳይዞር «አቤት፣ እዚህ ነኝ» አለ።

ለእናቱ ይል የነበረውን ነው፣ በዚያው ድምፅ።

ዞሮ ሲያየኝ ደነገጠ። ሌላ ወንበር ስለሌለ የራሱን ለቀቀልኝ። «ምን አድርገንህ ነው የጠፋኸው? ተቀየምከን?» አልኩት።

«ምን አድርጋችሁኝ? ስጦታ ነው የሰጣችሁኝ።»

«ታዲያ?»

እጁን በፎጣ ጠረገ። ደርቆም መጥረጉን አልተወም። «እቤት ስገባ የሚጠራኝ ሰው የለም» አለ። «እዚህም ወረቀት ነው የሚመጣልኝ። እሑድ ግን ትጠሩኝ ነበር። ጋሼ፣ ጋሼ፣ ጋሼ ስትሉ ትውሉና ሰኞም ማክሰኞም ጆሮዬ ላይ ይቆይልኛል። አንዳንዴ እስከ ዓርብ ያደርሰኝ ነበር። አሁን ጎራዴ አለኝ። ገደልኩ፣ አጨበጨባችሁልኝ፣ ደስ ይላል። ግን ማንም አልፈለገኝም።»

ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡ አንዲት ደንበኛ አሉኝ። ፀጉራቸው ተሰብስቦ አንድ ጭብጥ አይሞላም። ለፀጉሩ እንደማይመጡ አውቃለሁ። ሳጥባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ሙሉ በሙሉ እጄ ላይ ይጥሉታል፤ በሳምንት ውስጥ ሌላ የሚነካቸው ሰው ስለሌለ ነው። ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ የማውቅ ሴት፣ ቢጎዲን መዳፌ ላይ እያደረገ ጣቶቼን ያጥፍልኝ የነበረውን ሰው አላወቅሁትም! ራሴን በጥፊ ባጮለው በወደድኩ።

«በቃ ተመለስ! ብልቃጡን እንጥለዋለን፣ የድሮውን ሕግ እናመጣዋለን» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ብልቃጥ እንዳለ አውቃችኋል። ከእንግዲህ ብትጠሩኝ ስለቸገራችሁ አይሆንም፣ ስላዘናችሁልኝ ነው።»

«እኔ ልሙት አይደለም!» ብዬ ማልኩ።

መጣ። ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ ፊቱ አስቀመጠ። እኛ ደግሞ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ሳንመካከር ሦስታችንም አንድ ዓይነት ቂልነት ሠራን። መጀመሪያ መካኒኩ፣ ስድስት ዓመት ከዛፍ ወርዶ የማያውቀው፣ ሰተት ብሎ ወርዶ ጭራቆቹ መሃል ገባ። «ጋሼ፣ ድረስልኝ፣ ልሞት ነው» አለ፤ ማስታወቂያ የሚያነብ ነበር የሚመስለው። እኔ መጥረቢያዎቼን ጥዬ በባዶ እጄ ዘንዶ ተጋፈጥኩ። መምህሩ፣ ያ አባቱን የማይምረው ሰውዬ፣ ዳይሱን ከእጁ ጀርባ እየጣለ አራት ሲወጣ አሥራ አራት እያለ ቢጎዲናችንን ያነሣል። «ጋሼ!» «ጋሼ!» «ጋሼ!» ሳሎኑን አቀለጥነው።

ጋሼ አከመን። ከዚያ መካኒኩን «ለምን ወረድክ?» አለው። «ዛፉ ላይ ማንም አይደርስብህም ነበር።» መካኒኩ ጆሮው ቀላ። መምህሩ ጣሪያውን ያያል። እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ ቢጎዲኖቼን እንደ አዲስ መደርደር ያዝኩ።

«ስለ እኔ ነው አይደል?»

ብድግ ብሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ እሱን ለማስደሰት ብለን የቆሰልነውን ቁስል ሁሉ አንድ በአንድ አከመ፣ አንድም ሳያጓድል፣ መዳፋችን ላይ እያደረገ፣ «ይኸው» እያለ። ከዚያ የጠጣበትን ብርጭቆ አጠበ። በሩ ላይ ዞሮ «አትቀየሙኝ። ሲታዘንልኝ አልችልም» አለና ሄደ። እኔ ገብቼ የፀጉር ማጠቢያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

የሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። እንደማይመጣም አውቀናል። «እንጫወታለን!» አልኩ፣ በንዴት። ብልቃጦቹን ከየወረቀታችን ላይ ሰርዘናል፣ ከዚያ ወዲያ በማንም አፍ አልተነሡም። መምህሩ የተራ ዝርዝሩን አወጣ፤ የጋሼን ስም አላጠፋውም፣ እኔም አጥፋው አላልኩም። ዳይሱን መሃል ጠረጴዛ ላይ፣ ሁላችንም እያየን ይጥል ጀመር። ማስመሰል አብቅቷል።

ድልድይ ላይ ደረስን። እኔ እንደ ልማዴ ዘልዬ ወደ ፊት ሮጥኩ፤ «አትዝለዪ» የሚለኝ የለም። መካኒኩን ትቼው መሄዴ ትዝ ያለኝ ከወንዙ የወጡት ጭራቆች ከኋላው ሲደርሱበት ነው። አሥራ ሰባት። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስድስት። መምህሩ እጁ እየከበደው ቢጎዲኖቹን አነሣ። መካኒኩ ፊት አንዲት ሮዝ ቢጎዲን ቀረች።

«ቀጥሎ...» አለ መምህሩ ወረቀቱን እያየ፣ «ቀጥሎ ጋሼ...» ብሎ ቆመ።

«የለም፤ ዝለለው» አልኩ።

«ከዘለልኩት የጭራቆቹ ተራ ነው። ልጁ ይሞታል።»

ቀስተኛው ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ነው፣ ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት በፕላስተር ተጣብቋል። ቆርቆሮውን ወደ ራሴ ሳብኩ። «በቃ እኔ እሰጠዋለሁ! ማን ያየናል?» መካኒኩ ክዳኑን በመዳፉ ያዘ።

«አይ እትዬ፣ አንቺ ፈዋሽ አይደለሽም» አለ። «እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ስልኬን አነሣሁ። ብዙ ጠርቶ አነሣው። «ጋሼ፣ መካኒኩ አንድ ቀርቶታል» አልኩት። «እኔ ልሙት...»

«አትማዪ። መምህሩን ስጪኝ።»

ይገባኛል፣ እኔን ማመን ትቷል። መምህሩ ስልኩን ተቀብሎ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው አስረዳው፦ ድልድዩ የት እንደሆነ፣ ማን የት እንደቆመ፣ ዳይሱ ስንት ስንት እንደወጣ። አላሳመረውም፣ አላጋነነውም። ከዚያ «ልጁን ስጠኝ ነው የሚለው» ብሎ ለመካኒኩ ሰጠው።

መካኒኩ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። «አቤት ጋሼ... አዎ... ከኋላ ነው... አላየኋቸውም፣ የነገረኝ የለም...» ጥቂት አዳመጠ። «ጋሼ» አለ፣ «እኔም እኮ ከዚህ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

እኔና መምህሩ ተያየን። ከጎኔ ያለ ልጅ ነው። በየቀኑ «እትዬ እንደምን ዋልሽ» ይለኛል፣ በየቀኑ እየሮጥኩ አልፈዋለሁ፤ ከሥራ ሲወጣ የት እንደሚገባ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ስልኩን መለሰልኝ፤ ተዘግቷል።

«ምን አለህ?»

«‹እስክመጣ ማንም እንዳይነካው› አለኝ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አልነገረኝም» አለ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ።

ዳይሱን አልነካነውም። ሰው በመንገድ ባለፈ ቁጥር ሦስታችንም በሩን እናያለን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። መምህሩ ካርታውን ጠቀለለ። መካኒኩ ሲወጣ ወንበሩን እንኳ ወደ ቦታው አልገፋውም፣ እኔም አልገፋሁትም። ጠረጴዛዋን እንዳለች ትቼ ቆለፍኩ።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋን ደንበኛዬን ፀጉር ስጠቀልል አንድ ቢጎዲን ጎደለኝ። ፍለጋ መሳቢያውን ስበረብር በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «ያቻትና፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይደለች እንዴ? አምጫታ» አለችኝ።

«እሷን አልነካትም» አልኳት።

«ለምን?»

«ሰው እየጠበቀች ነው» አልኩና የቀረውን ፀጉሯን በጣቴ ጠቀለልኩላት።